ዘጠኝ ቁጥሩ የተፈረደበት ዓመት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የፋብሪካው ሰዎች በአዳራሹ ኬክና ለስላሳ አቅርበው ሸኙኝ። በእኔ ቦታ የተተካው ወጣት ዲፕሎማ ያለው፣ ጡንቻ የሚያፍታታ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ይዞ የመጣ፣ ትሑት ልጅ ነው። አጠገቤ ተቀምጦ፣ "ጋሼ፣ በእርስዎ ጊዜ ከነበሩት ተጫዋቾች ምርጡ ማን ነበር?" አለኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት በዙሪያችን የነበሩት የድሮ ሠራተኞች "ታምራት ነዋ" አሉ። ከዚያ ወዲያ ወሬው የእነሱ ሆነ። አንዱ ስለ ግራ እግሩ፣ ሌላው ከመሐል ሜዳ ስላስቆጠራት ጎል ያወራል። ሦስተኛው መታሰሩን አንስቶ "ያን ልጅ ቅናት ነው የበላው" አለ። ኬኩ እስኪያልቅ ድረስ የጌታሁንን ስም የጠራ አልነበረም።

ቤት ስገባ ይህንኑ ለባለቤቴ ለማርታ ነገርኳት።

"አንተስ ለምን አልጠራኸውም?" አለችኝ።

"በኬክ ላይ የሚነሳ ነገር አልመሰለኝም።"

"እንግዲያው ጻፈው" አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ማርታ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አትናገርም።

እኔ ማቴዎስ እባላለሁ። የሠራሁት የወጌሻ ሥራ ነው፤ የተሰበረ መጠገን፣ የወለቀ መመለስ፣ የዞረ ጅማት አሽቶ ማስተካከል። የተወለድኩት ከአዋሳ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ሲሆን አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ስገባ ነው። ዛሬም ስደነግጥ አፌን የሚቀድመው የእናቴ ቋንቋ፣ ሲዳሙ አፎ ነው። ገና ጎረምሳ ሳለሁ በጆንያ ፋብሪካው የጭነት ክፍል ተቀጠርኩ። አንድ ቀን የጆንያ ክምር ተንዶብኝ ትከሻዬ ወለቀ፤ ጓደኞቼ ደግፈው መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው የጋሽ ሸምሱ ሱቅ ወሰዱኝ።

ጋሽ ሸምሱ የስልጤ ሰው፣ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። አቡጀዲና ካኪ ከተደረደረበት መደርደሪያ ሥር አንዲት አግዳሚ ወንበር አለች። የተሰበረው ሰው እዚያ ይቀመጣል፣ ጨርቅ ገዢው ቆሞ ተራ ይጠብቃል። እኔን እንዳዩ መዳፋቸውን እርስ በርስ አሻሽተው አሞቁና ደህናውን ትከሻዬን ዳሰሱት፤ የታመመውን አልነኩም። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ቀጥሎ የታመመውን ክንዴን በቀስታ ይዘው፣ "በእናንተ አገር ቡናው አበበ?" አሉኝ። "ዘንድሮ እንኳ..." ብዬ ሳልጨርስ ትከሻዬ ቀጭ ብሎ ቦታው ገባ።

ሥራውን ከእሳቸው ነው የተማርኩት። በየእሑዱ ከጸሎት መልስ ሱቃቸው እየሄድኩ ጥግ ይዤ አያለሁ። ማየቴን ሲያውቁ ማስተማር ጀመሩ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለህ አትሳብ። ሥጋው ከሰማህ ይጠብቅሃል" ይሉኝ ነበር። "ደህናውን ሳትዳስስ የታመመውን አትንካ፤ የሰው ሁሉ አጥንት አንድ አይደለም።" የቀርከሃ ስንጥቅ በጥጥ ጠቅልለው ያስራሉ፤ ካሰሩ በማግስቱ የታከመው ሰው ቤት ድረስ በእግራቸው ሄደው የጣቱን ጥፍር ያያሉ። ጥፍሩ ከጠቆረ እስሩ ጠብቋል ማለት ነው። ይህን ልማድ ከየት እንዳመጡት አንድ ጊዜ ብቻ ነግረውኛል። በወጣትነታቸው ያሰሩላት አንዲት ልጅ ክንዷ ደም አጥቶ ተቆረጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዝናብም ሆነ ጾም፣ ሱቃቸውን ዘግተው ጥፍር ሊያዩ ይሄዳሉ። ሌላው ልማዳቸው ደግሞ፣ የመጣውን ሰው ማን እንደመታው አይጠይቁም ነበር። "እሱ የዳኛ ሥራ ነው" ይላሉ።

ፋብሪካው የእግር ኳስ ቡድን ሲያቋቁም "ማቴዎስ እጅ አለው" ተባልኩና ወጌሻ ሆንኩ። በደሞዝ መክፈያው ላይ ግን እስከ መጨረሻው "ረዳት ሠራተኛ" እንደተባልኩ ነው የቀረሁት። ቦርሳዬ ውስጥ ፋሻ፣ ቅባት፣ ሎሚና ጨው ነበረ፤ በረዶ ከሐይቅ ዳር ሆቴሎች ለምኜ በፔርሙዝ አመጣለሁ። አሰልጣኙ ግርማ የቀድሞ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ሕመም ሁሉ ስንፍና ይመስለዋል። አንዱ ተጫዋች ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት ሲያነክስ፣ "ይሩጥበት፣ ይለቀዋል" ይላል። "ይሩጥበትና ለዓመት ይተኛልሃል" እለዋለሁ። ብዙ ተጨቃጭቀናል፤ ግን ያሰበውን አይደብቅም፣ ቂምም አይዝም። በደርግ ዘመን፣ በጦርነቱ ጊዜ ወደ ሚሊሺያ ማሠልጠኛ ተልኬ ጫማ አድርገው የማያውቁ ገበሬዎችን ቁርጭምጭሚት ስጠግን ከርሜ ስመለስ፣ በሩ ላይ ቆሞ ያቀፈኝ ግርማ ነው። በዚያው ሰሞን ነው ታምራት ቡድናችን ውስጥ የገባው።

ታምራት በአዋሳ አቅራቢያ ያለችው የቡሹሎ መንደር ልጅ ነው። እናትና አባቱ በልጅነቱ ሞተው አክስቱ ናት ያሳደገችው፤ እሱም በተራው ታናናሾቹን ያሳድግ ነበር። ግራ እግሩ ኳስ ስትነካ ሜዳው ዝም ይላል። ዘጠኝ ቁጥር ማሊያ ለብሶ ሲገባ ሕፃን ሽማግሌው ስሙን ይጠራል። እኔ የማውቀው ደግሞ ሌላውን ታምራት ነው። ባቱን ሳሽለት እንቅልፍ ይወስደዋል። ከሌሎቹ ተጫዋቾች ቀድሞ አይታከምም፤ ተጠባባቂዎቹ ሳይቀሩ ካልጨረሱ ተራውን አይወስድም። ቁጣ ግን ነበረበት። ሲሸነፍ አይናገርም፣ ጥርሱን ነክሶ ግድግዳ ያያል። ያን ጊዜ የመንጋጋው ጅማት በቆዳው ላይ ይታያል።

ጌታሁን መናኸሪያ የሚሠራ ልጅ ነበር። መንገደኛ ይጠራል፣ ዕቃ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ይጭናል። ከአሮጌ የጭነት መኪና ላይ የተፈታ ጡሩምባ ነበረችው፤ በአፉ እየነፋ ከደጋፊዎች ፊት የሚቆመው እሱ ነው። ጎኑ ላይ የፋብሪካው መካኒክ በቀለ ከበሮ ይመታል። ሁለቱ ከሌሉ ጨዋታ የተጀመረ አይመስልም። የጌታሁን እናት እትዬ አስካለ እዚያው መናኸሪያ በር ላይ ሻይ ቤት ነበራቸው። ልምምድ ሲያልቅ ተጫዋቾቹ እሳቸው ዘንድ ነው እንቁላልና ዳቦ የሚበሉት። ታምራት ሲመጣ እትዬ አስካለ አንድ እንቁላል ይጨምሩለታል፤ ጌታሁን ደግሞ "እማ፣ ለኔ ሲሆን ነው የሚያልቀው?" እያለ ይቀልዳል።

በዚያ ዓመት ለዋንጫው ፍጻሜ ልንደርስ አንድ ጨዋታ ቀርቶን ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው ቡድን አንድ ለባዶ እየመራን ሳለ በመጨረሻ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን። ታምራት መታት፤ ከብረቱ በላይ ወጣች። የሜዳው ሕዝብ እንደ ለቅሶ ቤት አንገቱን ደፍቶ ወደየቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ሌላ ቁስለኛ ሳይመጣ ታምራት ወደ ማከሚያ ክፍሌ መጣ። ቀኝ እጁን በካልሲ ጠቅልሏል።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ከብስክሌት ወደቅሁ፣ ጋሼ ማቴ።"

አስቀመጥኩት። ግራ እጁን ዳሰስኩ፣ ከዚያ ቀኙን። ከትንሿ ጣትና ከቀለበት ጣቱ በላይ ያለው አጥንት ተሰብሮ ጉብታው ወደ ውስጥ ገብቷል። ስለ አክስቱ ላም እየጠየቅሁት ሳብኩና አስተካከልኩት፤ ድምፅ አላወጣም። ማሰር ስጀምር አንዱ ሠራተኛ በበሩ ብቅ ብሎ፣ "ሰማችሁ? ጌታሁን ሐይቁ መንገድ ላይ ሞቶ ተገኘ። ደብድበው ጥለውት ሄደው ነው አሉ" አለ።

የታምራት እጅ በእጄ ውስጥ ነበር። ደነገጠ፣ ከዚያ በረዶ ሆነ። ቀና ብዬ አላየሁትም። ማሰሬን ጨረስኩና "ነገ ና፣ ጥፍርህን ልይ" አልኩት። ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ከልምምድ ሜዳ ወሰደው።

ነገሩ እንዲህ ነበር፤ በኋላ በችሎት እንደተሰማ። ታምራት ከጨዋታው በኋላ ሐይቅ ዳር ካሉት መጠጥ ቤቶች አንዱ ገብቶ ብቻውን ሲጠጣ ጌታሁን አገኘው። ስለ ቅጣት ምቷ ተናገረው፤ ሰደበው የሚሉም አሉ፣ ቀለደበት የሚሉም። ሰዓት እላፊ ስለነበር ቤቱ በጊዜ ሲዘጋ አብረው ወጡ። የመጠጥ ቤቱ ዘበኛ አመሻሹ ላይ ሲጣሉ አየ። ጌታሁን ወድቆ ሳለ ታምራት እየደጋገመ እንደመታው መሰከረ። ታምራት ግን አልገደልኩም አለ። ተለያይተን ነው የሄድነው፣ እጄ ከብስክሌት ወድቄ ነው የተሰበረው አለ።

የምስክርነት መጥሪያው ሲደርሰኝ ከተማው ሁሉ ቀድሞኝ ያውቅ ነበር። በቀለ ከበሮ መቺው ቤቴ መጣ። አልተቀመጠም።

"ጋሽ ማቴ፣ አንተ ወጌሻ ነህ እንጂ ሐኪም አይደለህም። አላውቅም ብትል ማን ይፈርድብሃል?"

"ጌታሁን ጓደኛህ አልነበረም እንዴ?"

"ጌታሁን ሞቷል" አለኝ። "ሁለቱንም ልጣቸው?"

ማርታ ሻይ አቀረበችለት፤ ሳይጠጣ ሄደ። እኔ ጋሽ ሸምሱ ዘንድ ሄድኩ። አቡጀዲ እየለኩ አዳመጡኝ።

"ማን እንደመታ አንጠይቅም ብለውኝ ነበር" አልኳቸው።

"እኛ አንጠይቅም። ዳኛ ሲጠይቅህ ግን ሌላ ነው።" መቀሱን አስቀመጡ። "የነካኸውን ተናገር። ያልነካኸውን አትጨምር። ከዚያ ወዲያ ያለው ያንተ አይደለም።"

ችሎቱ ሞልቶ ሕዝቡ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር። ከእኔ በፊት የሆስፒታሉ ዶክተር ሬሳውን እንዴት እንዳገኘው፣ የታምራትንም እጅ ፖሊስ አምጥቶለት እንዳየው ተናግሯል። አቃቤ ሕጉ ምን እንዳየሁ ሲጠይቀኝ የነካሁትን ነገርኩት።

የታምራት ጠበቃ ተነሳ። "ከብስክሌት የወደቀ ሰው እጁ ሊሰበር አይችልም?"

"ይችላል።"

"እንግዲያው የታምራትም እንደዚያ ሊሆን ይችላል።"

"የሚወድቅ ሰው መሬቱን የሚቀበለው በመዳፉ ነው። መዳፉ ይላጣል፣ የሚሰበረውም አብዛኛውን ጊዜ አንጓው ላይ ነው። የታምራት መዳፍ አልተላጠም ነበር።"

"ታዲያ በምን ተሰበረ ነው የምትለው?"

"እንዲህ ያለ ስብራት ያየሁት ተደባድበው በመጡ ሰዎች ላይ ነው" አልኩ። ሐኪሙ በእሱ ቋንቋ ያለውን ነው እኔ በራሴ ቋንቋ የደገምኩት። እጁ በእጄ ውስጥ መደንገጡን ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጨመርኩም። ስወጣ ታምራት አየኝ። የተቆጣ ሰው አስተያየት አልነበረም። ሲታሽ እንቅልፍ ሊወስደው ሲል የሚያየኝ አስተያየት ነበር።

በሰው መግደል ወንጀል ጥፋተኛ ነህ ተባለ። ሞት ይፈረድበታል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ ረጅም ጽኑ እስራት ተፈረደበት። የዳኛው ቃል ወደ ግቢው ሲደርስ ከሕዝቡ መካከል የተነሳውን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ትልልቅ ወንዶች ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው አለቀሱ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ደረቷን መታች። ከችሎቱ በር አጠገብ ደግሞ እትዬ አስካለ ጥቁር ለብሰው ብቻቸውን ቆመዋል፤ ለእሳቸው ማንም መንገድ አልለቀቀላቸውም።

ያን ጊዜ በሕዝቡ በጣም ተናድጄ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ልቤ ያዝንላቸዋል። በዚያው ከተማ ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጆቻቸው ተገድለውባቸው ድምፅ አውጥተው እንዳያለቅሱ የተከለከሉ እናቶች ነበሩ። ወንድሙ ተወስዶ የት እንደደረሰ የማይጠይቅ ሰው በየሠፈሩ ነበር። የእኛም ቤተ ክርስቲያን ታሽጎ በየቤቱ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምንዘምረው። ለኳስ ተጫዋች ማልቀስን ግን ማንም አልከለከለም። በዚያ ግቢ ከፈሰሰው እንባ ምን ያህሉ የታምራት እንደነበረ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።

ወሬው ግን ክፉ ነበር። የአዲስ አበባው ቡድን አስወንጅሎት ነው ተባለ። የቀበሌ ሊቀመንበሩ ቂም ይዞበት ነው ተባለ። ጌታሁን የሞተው በወባ ነው፣ ሬሳውን ነው የደበደቡት ያለም ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ጨዋታ ላይ ሕዝቡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የታምራትን ስም ዘፈነ። እኔ ቦርሳዬን ይዤ ወደ ሜዳ ስሮጥ "ይሁዳ" ብለው የተመጠጠ ሸንኮራ ወረወሩብኝ። ግርማ ከመቀመጫው ተነስቶ ከፊቴ ቆመና ጨዋታው እስኪያልቅ አልተቀመጠም። ወደ ቤቴ የሚመጡ ቁስለኞች ቀሩ። ማርታ በገበያ ሰላምታዋ ሳይመለስ ወደ ቤት ትመጣለች፤ አትነግረኝም፣ ግን ከዘንቢሉ አቀማመጥ አውቃለሁ።

የባሰው የእትዬ አስካለ ነበር። ተጫዋቹም ደጋፊውም ወደ ሻይ ቤታቸው መሄድ ተወ። አንዳንዶቹ አፍረው ነው፤ አንዳንዶቹ ግን "በልጇ ምክንያት ታምራትን አጣን" ብለው። በራቸው ላይ በከሰል ዘጠኝ ቁጥር ተጽፎ አደረ። እሳቸው በውሃ አጥበው ከፈቱ፤ ዳግመኛ ተጻፈ፣ ዳግመኛ አጠቡ።

በዚህ ሁሉ መካከል አእምሮዬን ያላሳረፈው የታምራት እጅ ነበር። ያሰርኩት ስብራት በማግስቱ መታየት፣ በሳምንቱ እንደገና መታሰር ነበረበት። ገብቼ እንዳይ ደጋግሜ ለመንኩ፤ ጉዳዩ እስኪያልቅ አይቻልም ተባልኩ። በመጨረሻ በግርማ አማላጅነት ወህኒ ቤቱ ሲፈቅድልኝ ጊዜው አልፎ ነበር። አጥንቱ ጠማማ ሆኖ ገጥሟል፤ ሁለቱ ጣቶቹ አይታጠፉም። በእጄ ካለፉት አጥንቶች ሁሉ የዚያን ያህል ያሳዘነኝ የለም። በእኔ እጅ ቀና ብሎ የተቀመጠ አጥንት ነበር።

"እንደገና ሰብሬ ላስተካክለው እችል ይሆናል" አልኩት።

"ይቅር፣ ጋሼ። እንዲህ ይሁን።"

ጠባቂው በር ላይ ቆሟል። ጣቶቹን በቅባት አሸሁለት።

"በእኔ ተቀይመሃል?" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። "እሁድ እሁድ እዚህ ድረስ ይሰማል፣ ያውቃሉ? ነፋሱ ከሜዳው ሲሆን። ስሜን ሲጠሩ ይሰማኛል።" እጁን ከእጄ ሳበ። "እኔ ገድዬዋለሁ። ዳኛ ፊት ዋሸሁ። ቀኑን ሙሉ አልገደልክም እያሉ ይዘፍኑልኛል፤ እኔ ደግሞ እዚህ ተቀምጬ መግደሌን አውቃለሁ። እስረኞቹ ሳይቀሩ የተበደለ ብለው ምግብ ያካፍሉኛል። በእትዬ አስካለ በር ላይ ሰዎች ቁጥሬን ጻፉ የሚባለው እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ይንገሩልኝ። ገድያለሁ ብሏል ይበሏቸው። ስሜን ይተዉት። እሳቸውን ይተዉአቸው።"

ከግርማ ጋር ተማከርን። ፋብሪካው ውስጥ ሠራተኛው ሁሉ የሚገኝበት ሳምንታዊ ውይይት ነበር፤ ስለ ምርትና ስለ አብዮቱ የሚነገርበት። በዚያ ሳምንት ግርማ ከስብሰባው ሊቀመንበር ፈቃድ ጠይቆ አስነሳኝ። ታምራት ያለኝን፣ እንዳለኝ፣ ሳልጨምር ተናገርኩ።

ከዚያ አንዱ ከኋላ፣ "አስገድደውት ነው" አለ። ሌላው "አንተ ራስህን ነፃ ልታወጣ የፈጠርከው ነው" አለ። ጩኸት ሆነ። ጥቂቶቹ ትተው ወጡ። በቀለ ከፊት ረድፍ ነበር፤ አልጮኸም፣ አልወጣም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። እኔም ተሸንፌ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

በማግስቱ ጠዋት ግን በቀለ ወደ ሥራ ሲሄድ እትዬ አስካለ ሻይ ቤት ገባ። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ገብቶ ተቀመጠ፣ እንቁላልና ዳቦ አዘዘ፣ ቀርቦለት ግን መዋጥ አቃተው። እሳቸው መጥረጊያቸውን ይዘው ከፊቱ ቆሙ። "ብላ" አሉት፤ "ሲቀዘቅዝ ደስ አይልም።" በበነጋው ሁለት ሆነው መጡ። በራቸው ላይ የሚጽፈው ሰው ተወ። በሜዳ ላይ የታምራት ስም ወዲያው አልቀረም፤ የሚዘፍኑት ግን እያነሱ፣ እያፈሩ ሄዱ። በቀለ ከበሮውን ሳይዝ ይመጣ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ቆይቶ ነው እንደገና የመታው። ሻይ ቤቱ ቀስ በቀስ ሞላ። ለእኔም በመጨረሻ አንድ ሰው መጣ፤ ያ "ይሁዳ" እያለ ሲጮህ ያየሁት ጎረምሳ ነው፣ ክንዱ ወልቆ። ስለ አገሩ ዝናብ ጠየቅሁት።

ዓመታት አለፉ። ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ለክፍለ ሀገሩ ምርጥ ቡድንም ተመርጬ ብዙ ከተማ አየሁ። የደርግ ዘመን ሊያበቃ አካባቢ ታምራት ምሕረት ተደርጎለት ተፈታ። ቡሹሎ አክስቱ ዘንድ ገብቶ እርሻ ያዘ። ከተማ ግን አይመጣም ነበር። "እርቅ ሳይወርድ መናኸሪያን አልረግጥም" አለ። ሽማግሌ ላከ። እትዬ አስካለ መለሱት። ደግሞ ላከ፣ መለሱት። ሦስተኛ ጊዜ ጋሽ ሸምሱ ራሳቸው በምርኩዝ ሄደው ለመኗቸው፤ "እሺ፣ ልስማው" አሉ።

የተቀመጥነው በአንድ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ጋሽ ሸምሱ፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ከቡሹሎም ሁለት አባቶች ነበሩ፤ እትዬ አስካለ ከፊት፣ እኔና በቀለ ከጎናቸው ተቀምጠናል። ታምራት እንደ ወጉ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ በደጁ ገባና ተንበረከከ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ያ ሜዳ የሚያናውጥ ልጅ ነው ብሎ የሚያምን አይገኝም። ጋሽ ሸምሱ ስለ ይቅርታ መናገር ሲጀምሩ እትዬ አስካለ እጃቸውን አነሱ።

"ይቅርታው ይቆየኝ፣ ጋሽ ሸምሱ" አሉ። ወደ ታምራት ዞሩ። "በዚህ ሁሉ ዓመት ሰው የነገረኝ ስለ አንተ ነው። ያለቀሰውም ላንተ፣ የተሳደበውም ስለ አንተ። የልጄን መጨረሻ የነገረኝ የለም። ያየኸው አንተ ነህ። ንገረኝ።"

ሰይጣን አሳስቶኝ ነው ይላል ብለን ጠበቅን፤ የሚባለው እሱ ነውና። አላለም።

"መንገድ ላይ ወጣን" አለ፤ ድንጋዩን በሁለት እጁ እንደያዘ። "ኳሷን ወደ ሰማይ ቤት ላክሃት፣ አለኝ። ሳቀ። መታሁት። ወደቀ። አልተሳደበም። እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ፣ 'ታሜ፣ እኔ ነኝ እኮ' አለኝ።" እትዬ አስካለም ጠበቁት። "ሰምቼዋለሁ። ሰምቼ ነው ደግሜ የመታሁት። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።"

እትዬ አስካለ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው እያጠፉ፣ እየዘረጉ ቆዩ።

"የሱ ንግግር ነው" አሉ በመጨረሻ። "አምሽቶ ሲመጣ በሩን እያንኳኳ እንዲሁ ነበር የሚለኝ። 'እማ፣ እኔ ነኝ እኮ።' ሌላ ሰው መስሎኝ እንዳልደነግጥ።"

ጋሽ ሸምሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ታምራት ድንጋዩን አልለቀቀም። እትዬ አስካለ እጃቸውን ሰጡኝና ደግፌ አስነሳኋቸው። ሁለት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ቆም አሉ።

"ድንጋዩን አውርዱለት" አሉ።

እኔና በቀለ ከሁለት ወገን ይዘን አወረድነው። ከባድ ነበር። ቀና ስንል እትዬ አስካለ ከግቢው ወጥተዋል። ከሻሸመኔ የሚመጣው አውቶቡስ የሚገባበት ሰዓት ደርሶ ነበርና ሻይ ቤታቸውን ሊከፍቱ ሄዱ።